ልጅዎ ጋንጃ ማጨሱን ሲያውቁ፦ ለቢቸናና ለሞጣ ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ያለ ገበሬ ልጁ ለሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ከተማ አስገብቶ ክፍል ይከራይለታል። በየሳምንቱ ስንቅ ይልካል፤ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ለደብተርና ለኪራይ የሚሆን ጥቂት ብር። ልጁ ገና 15 ወይም 16 ዓመቱ ነው። ማን ቤቱ እንደሚገባ፣ ማታ ምን እንደሚያደርግ የሚያይለት አዋቂ የለም። ሲጋራም፣ ጫትም፣ አረቄም፣ ጋንጃም ለመጀመር እንዲህ ያለ ክፍል ይመቻል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ፣ ልጆችን ሥራ አስፈትቶ፣ እንቅልፋቸውንም ነሥቷቸዋል።

ይህ ጽሑፍ ልጁ ሐሺሽ፣ ጋንጃ ወይም ዊድ የሚባለውን እያጨሰ መሆኑን ለጠረጠረ ወይም ላወቀ ወላጅ፣ ታላቅ ወንድም፣ አክስትና አከራይ የተጻፈ ነው። ለወንድም ለሴትም ልጅ ያገለግላል። ከመጀመሪያው ጥርጣሬ እስከ ሆስፒታል ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል ያሳያል። የሁሉም ደረጃ ማሰሪያ አንድ ነው፦ ልጁን ከቤትና ከትምህርቱ ሳያርቁ ቅጠሉን ከልጁ ማራቅ።

1ኛ ደረጃ፦ ነገሩን ይወቁት

ጋንጃ የካናቢስ ተክል ቅጠልና አበባ ነው። የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባል ንጥረ ነገሩ ነው። አንጎላችን ትዝታን፣ ፍርሃትን፣ ረሃብንና እንቅልፍን የሚያስተካክልባቸው የራሱ ቅመሞች አሉት፤ ቲኤችሲ የእነዚህን ቦታ ይቀማል። አዋቂ ሰው ላይ ጉዳቱ አንድ ነገር ነው፤ በ14 እና በ15 ዓመት ልጅ ላይ ግን ሌላ ነው። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ እየተሠራ ይቆያል። መጨረሻ የሚበስለው ግንባር አካባቢ ያለው ክፍል ሲሆን ማቀድ፣ ራስን መግታትና ውሎ አድሮ የሚመጣውን ማመዛዘን የእሱ ሥራ ነው። ልጁ የሚያጨሰው ይህ ክፍል ገና በግንባታ ላይ ሳለ ነው።

የሚታወቀውን በቁጥር እንየው። ጋንጃ ከሚሞክሩ ሰዎች በግምት ከመቶ 9ኙ ሱሰኛ ይሆናሉ። በጉርምስና የጀመሩት ላይ ግን ከ6 አንዱ ነው። በስዊድን 45,570 የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎችን ለ15 ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ጥናት፣ በ18 ዓመታቸው ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ካላጨሱት 6 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። በኒውዚላንድ ደግሞ በአንድ ከተማ የተወለዱ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ እስከ 15 ዓመታቸው ጋንጃ ከጀመሩት ውስጥ 10 በመቶው በ26 ዓመታቸው የስኪዞፍሬኒያ ዓይነት ሕመም እንደታየባቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አስታውቀዋል፤ ከሌሎቹ የታመሙት 3 በመቶው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ23 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩም፣ በጉርምስና ማጨስ በኋላ ዘመን ከሚመጣ ድባቴና ራስን የማጥፋት ሙከራ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

እነዚህን ቁጥሮች አያጋንኗቸው፤ ልጁ ከእርስዎ ይልቅ ጓደኞቹን ያያልና። ካጨሱት ብዙዎቹ አያብዱም። ዕድሜው ለጋ፣ አጫጫሱ የዕለት ተዕለት፣ ቅጠሉ ኃይለኛ ሲሆን፣ በተለይም በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ካለ ግን አደጋው ይከብዳል። «አያቱ በወጣትነቱ ጨርቁን ጥሎ ነበር» የሚባል ታሪክ በዘር ሐረጋችሁ ካለ ሳይሸሽጉ ለልጁም ለሐኪሙም ይንገሩ።

«ጋንጃ አእምሮ ይከፍታል፣ ለጥናት ይረዳል» የሚል ወሬም ይሰማሉ። ለጎጃም ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ከአብነት ተማሪዎች መካከል ትምህርት ይገልጥልናል ብለው አብሾ የጠጡ፣ ከዚያም ዕድሜ ልካቸውን እንደ ቀወሱ የቀሩ እንደነበሩ ከአባቶቻችን ሰምተናል። የጋንጃውም ተስፋ ከዚያ አይሻልም። ቅጠሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዳክመው አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታን ነው፤ ማታ ያጠናውን ጠዋት ያጣዋል።

2ኛ ደረጃ፦ ምልክቶቹን ይለዩ

ጉርምስና ራሱ ልጅን ይለውጣል። ክፍል ዘግቶ መቀመጥ፣ መልስ መስጠት፣ መኳረፍ የጋንጃ ማስረጃ አይደለም። አንድ ምልክት ብቻ ይዘው አይፍረዱ፤ ብዙዎቹ አብረው ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሲታዩ ግን ልብ ይበሉ።

ባጨሰበት ሰዓት ዓይኑ ይቀላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ያለ ምክንያት ይስቃል፣ ንግግሩ ይንቀረፈፋል፣ ከዚያ ይርበዋል። ከጫት የሚለየው በዚህ ነው፦ ጫት የቃመ ልጅ ምግብ ይጠላል፣ ወሬ ያበዛል፣ ሌሊቱን ፈጦ ያድራል። ብዙ ልጆች ሁለቱንም ይቀላቅላሉ፤ በጫት የተመረቀውን በጋንጃ ወይም በአረቄ ሊያበርዱት ይሞክራሉ። እንዲህ ሲሆን ምልክቱም ይቀላቀላል፣ ጉዳቱም ይደራረባል።

ክፍሉን ሲጎበኙ ሽታውን ያስተውሉ፤ የተቃጠለ ደረቅ ሣር ወይም ገመድ ይመስላል። ከወትሮው በተለየ ሰንደል የሚጨስ ከሆነ፣ ከደብተር ቁመቱን ተቀድዶ የተጠቀለለ ወረቀት ወይም ትንባሆው ተራግፎ የቀረ የሲጋራ ቀፎ ካገኙ ይመዝግቡት። ስንቁንም ይዩ። ለሳምንት የተላከው ዱቄት ማክሰኞ ካለቀና ልጁ ግን ከከሳ፣ ዱቄቱ ተሸጦ ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ፣ ጫማ፣ ስልክ «ጠፋብኝ» ሲበዛም እንዲሁ።

ቀስ ብለው የሚመጡት ምልክቶች ይበልጥ ይከብዳሉ። ውጤቱ በአንድ መንፈቅ ይወርዳል። ይወደው የነበረውን ኳስ ወይም መዝሙር ይተዋል። የድሮ ጓደኞቹን ትቶ ስማቸውን የማይነግርዎት አዳዲስ ይይዛል። መታጠብ ይሰለቸዋል። ምንም አያጓጓውም።

3ኛ ደረጃ፦ ከመናገርዎ በፊት ይዘጋጁ

ባወቁበት ቀን፣ በተናደዱበት ሰዓት አይናገሩ። አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ልጁ አጭሶ ሳለም አይጀምሩ፤ የሰማውን አይይዘውምና። ለንግግሩ አንድ ሰው ይምረጡ፤ ልጁ የሚያከብረውና የማይፈራው ሰው መሆን አለበት። ከአባት ይልቅ አጎት ሊሆን ይችላል፤ ለሴት ልጅ አክስት ወይም ታላቅ እህት ትሻላለች። የንስሐ አባቱ ቢሆኑም መልካም ነው፤ ነገር ግን ንግግሩ ኑዛዜ እንዳይመስል ያድርጉ። ሽማግሌ ሰብስቦ መሐል ማስቆም ልጁን ዋሾ ያደርገዋል እንጂ አያስተወውም።

ሁለት ነገር አስቀድመው ይተዉ፦ ዱላንና «ከቤቴ ውጣ» ማለትን። የተባረረ ልጅ የሚሄደው ቅጠሉን ወደ ሰጠው ሰው ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ይነጋገሩ

አብረው እየሠሩ ወይም እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይቀላል። ከብት ሲያስገቡ፣ ከገበያ ሲመለሱ ይጀምሩ። ያዩትን ይናገሩ፤ ስም አይስጡት። ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ልጄ፣ ሰሞኑን ፊትህን አልወደድሁትም። ትምህርት ቤትም ሦስት ቀን እንዳልሄድህ ሰማሁ። ልቆጣህ አይደለም የመጣሁት። ምን አገኘህ?»

«ምንም አላገኘኝም አባዬ።»

«ክፍልህ ውስጥ የጋንጃ ወረቀት አይቻለሁ።»

«ሁሉም ያጨሳል እኮ። ቅጠል ነው፣ እግዜር የፈጠረው።»

«አስተናግርንስ እግዜር አይደል የፈጠረው? በየአጥሩ ሥር በቅሎ ታየዋለህ፤ ማን ይበላዋል?»

ልጁ ቢስቅ መልካም ነው፤ ንግግሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ከዚያ «ስታጨስ ምን ይሰማሃል? ምን ያስረሳሃል?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ይስሙ። የዚህ ጥያቄ መልስ ለሕክምናው ትልቁ መረጃ ነው። አንዱ «እንቅልፍ ያመጣልኛል» ይላል፤ የተኩስ ድምፅ፣ የሞተ ዘመድ ወይም ጓደኛ በሕልሙ እየመጣበት ሊሆን ይችላል። ሌላው «ከጓደኞቼ እንዳልለይ ነው» ይላል። ሦስተኛው ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ብሎታል። መነሻው ሳይታወቅ ቅጠሉ ብቻ ቢነጠቅ ሌላ ነገር ይተካል።

5ኛ ደረጃ፦ ክብደቱን ይመዝኑ

በአሜሪካ ቦስተን ተዘጋጅተው በብዙ አገር ጤና ባለሙያዎች ለወጣቶች የሚያቀርቧቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ። ለእኛ አገር በሚስማማ መልኩ እንዲህ ሊጠየቁ ይችላሉ፦

— አጭሰህ ወይም ጠጥተህ ሞተር ነድተሃል? ወይም እንዲህ ያለ ሰው በሚነዳው ባጃጅ ወይም ሞተር ተሳፍረሃል?
— ለመዝናናት፣ ከሰው ለመግባባት ወይም ራስህን ለመውደድ ስትል ታጨሳለህ?
— ብቻህን ሆነህ ታጨሳለህ?
— አጭሰህ ያደረግኸውን የረሳህበት ጊዜ አለ?
— ቤተሰብ ወይም ጓደኛ «ቀንስ» ብሎህ ያውቃል?
— በማጨስህ ምክንያት ችግር ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?

ሁለትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ ነገሩ ከሙከራ አልፏል፤ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። አንድ ወይም ምንም ከሆነ 6ኛውን ደረጃ በቤት ይጀምሩና ከወር በኋላ ጥያቄዎቹን ይድገሙ።

6ኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያቅዱ

በየቀኑ ያጨስ የነበረ ልጅ ሲያቆም ሰውነቱ ይቃወማል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ይጀምረዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይብሳል፤ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ይበርዳል። ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይዘጋዋል፣ ያልበዋል፣ ሕልሙ ያስደነግጠዋል። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ባይሆንም ብዙዎች ተመልሰው የሚያጨሱት በዚህ ጊዜ ነው። እርስዎም የልጁን ቁጣ ድፍረት አድርገው አይውሰዱት።

ለእነዚህ ቀናት ልጁ ብቻውን ክፍል አይደር። ወደ ቤት ያምጡት፤ ትምህርት ካለው ደግሞ አያቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ከተማ ሄዶ አብሮት ይሰንብት። ጠዋት ላብ የሚያወጣ ሥራ ይስጡት። ከሰዓት በኋላ ቡናን ያሳንሱ። ራቱን በጊዜ አቅርበው በጊዜ ያስተኙት፤ ስልኩ ከመኝታው ይራቅ። «ጋንጃውን ተው እንጂ ጫቱ ይሁንልህ» አይበሉ፤ ጫትም በተለይ እንቅልፍ ካጣ ልጅ ላይ ጥርጣሬንና የሌለ ድምፅ መስማትን ሊያመጣ ይችላል። አረቄውም እንዲሁ ለድባቴ በር ይከፍታል።

ገንዘቡን በእጁ አይስጡ፤ ኪራዩን ለአከራይዋ ይክፈሉ፣ ደብተሩን ገዝተው ይስጡት። ለአከራይዋ ጉዳዩን በአጭሩ ቢነግሯት ሁለተኛ ዓይን ትሆንልዎታለች። የምታከራዩ እናቶችም ብትሆኑ ማታ አንድ ጊዜ «ልጄ፣ ራት በላህ?» ብሎ በር ማንኳኳት ብዙ ያድናል።

7ኛ ደረጃ፦ ወደ ሕክምና ይውሰዱት

መጀመሪያ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያ ያማክሩ። ቢቸናም ሞጣም ሆስፒታል አላቸው። እዚያ ሲደርሱ «የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ? የሥነ አእምሮ ነርስስ?» ብለው ይጠይቁ። ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ሪፈር ይጻፍልዎታል፤ ከቢቸና በደጀን አድርጎ ደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የሪፈራል ሆስፒታሎች አሉ። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ማረፊያ መሆን የለበትም። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ሳምንታት ከመጠበቅ በቅርብ ያለው ባለሙያ ዛሬውኑ ቢያየው ይሻላል።

ሲሄዱ አራት ነገር በወረቀት ይዘው ይሂዱ፦ መቼ እንደጀመረ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያጨስ፣ ከምን ጋር እንደሚቀላቅል፣ በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም መኖር አለመኖሩን። ልጁ ከሐኪሙ ጋር ለብቻው እንዲያወራ ያድርጉ። የሽንት ምርመራ አይለምኑ። አልፎ አልፎ ያጨሰ ሰው ላይ ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ያጨሰ ላይ ደግሞ ለሳምንታት ስለሚታይ አሁን ማቆም አለማቆሙን በትክክል አይነግርዎትም።

የጋንጃን ሱስ የሚያስተው ክኒን የለም። የሚሠራው ተከታታይ የምክር ሕክምናና የቤተሰብ ድጋፍ ነው። ድባቴ ወይም ሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ያለ ምክንያት የሚያስጠረጥር የአእምሮ ሕመም) አብሮ ካለ ግን መድኃኒት ይታዘዛል፤ ለሳይኮሲስ በአገራችን በብዛት የሚሰጡት ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ናቸው። ሰውነቱ ከተገተረ፣ መቀመጥ ካቃተው ወይም እንቅልፍ ከበዛበት ተመልሰው ይንገሩ፤ መጠኑ ይስተካከላል። «ተሽሎታል» ብለው በራስዎ አያቋርጡት።

ጠበል ማስጠመቅ የሚሹ ከሆነ ያስጠምቁት፤ መድኃኒቱን ግን አያስጥሉት። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ለአጥማቂው አባትም መድኃኒት እንደሚወስድ ይንገሯቸው። የጾም ሰዓት ካለ ክኒኑ በየትኛው ሰዓት እንደሚዋጥ ሐኪሙን ይጠይቁ።

8ኛ ደረጃ፦ እነዚህን ካዩ ቀን አይስጡ

ልጁ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ «ይከታተሉኛል፣ ምግቤ ውስጥ መተት አድርገዋል» ካለ፣ ብቻውን ካወራ፣ ለቀናት ካልተኛ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ከ12 እስከ 19 ዓመት ባሉ ጋንጃ ተጠቃሚዎች ላይ የሳይኮሲስ ሕመም ስጋት ካልተጠቀሙ እኩዮቻቸው 11 እጥፍ ሆኖ መገኘቱን አመልክቷል። ሳይኮሲስ ቶሎ ሲታከም የመዳን ዕድሉ ይሰፋል፤ ስለዚህ «ዛር ነው፣ ዓይን ነው» እየተባለ የሚባክነው ወር ውድ ነው።

ከመነሣትዎ በፊት ቤቱን ያጽዱ። ጠብመንጃ ካለ ጥይቱን ለይተው ሁለቱንም ዘመድ ቤት ያስቀምጡ። የነቀዝ መድኃኒቱንና የአረም መርጫውን ከቤት ያውጡ። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት፤ ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣበትም፤ የተሸከመውን እንዲያወርድ ይረዳዋል። ብቻውን አይተዉት። በሰንሰለት አይሰሩት፣ አይግረፉት፤ ሁለት የሚያውቃቸው ሰዎች በእርጋታ አጅበው ይሂዱ። የሚሰማውን ድምፅ «ውሸት ነው» ብለው አይከራከሩት፤ «እኔ አይሰማኝም፣ አንተን ግን እንዳስፈራህ አያለሁ» ማለት ይበቃል።

ከልክ በላይ አጭሶ የተሸበረ፣ ልቡ የሚመታ ልጅ ከሆነ ጸጥ ያለና ደብዘዝ ያለ ክፍል አስቀምጠው ውኃ ይስጡት፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል። ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጤና ተቋም ያድርሱት።

9ኛ ደረጃ፦ ስለ ሕግና ስለ ትምህርት ቤት

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መሠረት ያለ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ማብቀል፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝ፣ መግዛት፣ ለሌላ ማቀበልና መሸጥ ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። «ለጓደኛዬ ይዤለት ነው» ማለት አያድንም፤ ይህን ልጁ ከእርስዎ ይስማ። ሕጉ ዕድሜንም ያያል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ጥፋተኛ በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፤ ልዩ እርምጃዎች አሉለት። ከ15 እስከ 18 ባለው ላይ ደግሞ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ቅጠሉን ካገኙ እርስዎም ቤት አያቆዩት፤ ያጥፉት።

ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ከማመልከትዎ በፊት የክፍል ኃላፊ መምህሩን በግል ያነጋግሩ። የሚለምኑት አንድ ነገር ይሁን፤ ልጁ ከትምህርት እንዳይባረር። ከትምህርቱ ሲወጣ ቀኑ ባዶ ይሆናል፣ ባዶ ቀን ደግሞ ወደ ቅጠሉ ይመልሰዋል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከሆነ ልጁን ጋራዥ፣ ልብስ ሰፊ ወይም እንጨት ቤት ያስጠጉት፤ ደሞዝ ባይኖረውም ሰዓት ይኑረው።

10ኛ ደረጃ፦ ቢመለስበት

ብዙ ልጆች ካቆሙ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ይመለሱበታል። በዚያ ቀን የሚጠየቀው «ለምን ከዳኸኝ?» አይደለም፤ «የት ነበርህ? ከማን ጋር? ምን ተሰምቶህ ነበር?» ነው። መልሱ የሚቀጥለውን ሳምንት ዕቅድ ይለውጣል፦ የኪራይ ቤቱን ሰፈር መቀየር፣ ቅዳሜን አብሮ ማሳለፍ ወይም የሐኪም ቀጠሮውን ማቅረብ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ይጠይቁት። ቀጠሮ አያሳልፉ፤ ልጁ ደህና የመሰለ ዕለትም ይሂዱ።

በ15 ዓመቱ ያቆመ ልጅ አንጎሉ ለመብሰል ገና አሥር ዓመት ገደማ ይቀረዋል። ካቆመ በኋላ በሚመጡት ሳምንታት የትምህርት አያያዙ መሻሻል ሲጀምር ያዩታል፤ ባዩት ቁጥር ይንገሩት።